በአዲስ አበባ ቀብርን በሥርዓት ማስፈጸም፦ ከመርዶው እስከ ሙት ዓመቱ የቤተሰብ መመሪያ

በአዲስ አበባ አንድ ሰው ሲያርፍ ቀብሩ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይፈጸማል። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ድንኳን ይጣላል፣ መቃብር ይቆፈራል፣ ሳጥን ይገዛል፣ ካህናት ይጠራሉ፣ ዘመድ ይሰበሰባል። ይህን ሁሉ የሚያስችለው ዕድር ነው፤ ዕድር ባይኖር ኖሮ አብዛኛው ቤተሰብ በአንድ ቀን ውስጥ ሬሳውን በክብር ሊያሳርፍ አይችልም ነበር። ይሁን እንጂ ዕድር የሚሸከመው ጉልበቱንና ዕቃውን ነው እንጂ ውሳኔውን አይደለም። የት ይቀበር፣ ለማን መቼ ይነገር፣ ወጪው ከየት ይውጣ፣ የትኛው ወረቀት ከማን ይወሰድ የሚሉት ጥያቄዎች ተመልሰው ወደ ቤተሰቡ ይመጣሉ፤ የሚመጡትም ሐዘንተኛው መቆም በተሳነው ሰዓት ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የተጻፈው በአንድ እምነት ላይ ቆሞ ነው፦ ሐዘንተኛው ሐዘኑን በወጉ እንዲወጣ፣ ውሳኔዎቹ አስቀድመው ለተወሰኑ ሰዎች ተከፋፍለው መሰጠት አለባቸው።

በሕይወት ሳሉ ሊሰናዳ የሚገባው

ስለ ሞት ማሰናዳት ሟርት የሚመስላቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ሆኖም በዕድሜ የገፉ ወይም በጽኑ የታመሙ ወላጆች ራሳቸው ስለ ቀብራቸው መናገር ሲጀምሩ “ኧረ እንዲህ አይበሉ” ብሎ ማቋረጥ ደግነት አይደለም። እናት “ከእናቴ ጎን አሳርፉኝ” ካለች፣ ወይም አባት “ድግስ አትደግሱልኝ፣ ለነዳያን አብሉልኝ” ካለ፣ ያንን ቃል በጽሑፍ መያዝ ከቀብሩ ማግስት የሚነሣውን ጠብ ይከላከላል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜዎችን ያውቃል። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ የሚፈረም ሲሆን፣ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን የተሰጠው ሰው ከሆነ 2 ምስክሮች ይበቃሉ። ሁለተኛው ተናዛዡ ሙሉ በሙሉ በገዛ እጁ የሚጽፈው ነው። ሦስተኛው በ2 ምስክሮች ፊት በቃል የሚነገረው ሲሆን፣ ወሰኑ ጠባብ ነው፤ ስለ ቀብር ሥነ ሥርዓት ትእዛዝ ለመስጠት፣ አካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች አሳዳሪና ሞግዚት ለመሠየም፣ እንዲሁም እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ያልበለጡ ስጦታዎችን ለመናዘዝ ብቻ ያገለግላል። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ 3 ወር በሕይወት ከቆየም ይፈርሳል። በመሆኑም በሽተኛው አልጋ ላይ ሆኖ ስለ ቀብሩ የተናገረው ቃል በሕግ ፊት ክብደት አለው፤ ስለ ቤትና ስለ መሬት የተናገረው ግን በጽሑፍ ካልሰፈረ ተስፋ የሚጣልበት አይደለም።

ከኑዛዜው በተጨማሪ በአንድ ፖስታ ውስጥ መቀመጥ ያለባቸው ወረቀቶች አሉ፦ የዕድር ደብተር፣ የሰበካ ጉባኤ መታወቂያ ወይም የሌላው እምነት የአባልነት ወረቀት፣ የነዋሪነት መታወቂያ፣ የጋብቻ የምስክር ወረቀት፣ የጡረታ ደብተር፣ የባንክ ደብተር፣ የቤት ካርታ። ፖስታው የት እንዳለ ቢያንስ 2 ሰዎች ይወቁ። ይህን ቀላል ነገር ያላደረገ ቤተሰብ ለቀስተኛ ግቢውን ሞልቶ ሳለ ቁም ሣጥን ሲበረብር ይገኛል።

የመጀመሪያዋ ሰዓት

መጀመሪያ መደረግ ያለበት ሞቱ በምን ሁኔታ እንደደረሰ መለየት ነው። በሆስፒታል ያረፈ ከሆነ የሞት ማሳወቂያ ወረቀቱን ሳይዙ አስከሬኑን ይዞ መውጣት አይገባም፤ በኋላ ለመመለስ ጊዜም ጉልበትም አይኖርም። በወረቀቱ ላይ የሟች ሙሉ ስም እስከ አያት ድረስ በመታወቂያው እንዳለው መጻፉን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ። “ኃይለ” እና “ሃይለ” ተብሎ የተለያየ ስም፣ ወይም በቤት ስም የተጻፈ ወረቀት፣ ከወራት በኋላ በፍርድ ቤትና በባንክ መስኮት ላይ ብዙ ያመላልሳል።

በቤት ያረፈ ከሆነና ሞቱ በዕድሜ ወይም በሚታወቅ ሕመም የመጣ ከሆነ፣ ለቅርብ ዘመድ፣ ለንስሐ አባትና ለዕድሩ ኃላፊ ይነገራል። በአደጋ፣ በድንገት ወይም በሚያጠራጥር ሁኔታ የሞተ ከሆነ ግን አስከሬኑን ከማንቀሳቀስ በፊት ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ፖሊስ የአስከሬን ምርመራ ካዘዘ አስከሬኑ ይህን ሥራ ወደሚሠራ ሆስፒታል ይላካል፤ በአዲስ አበባ ለረጅም ዘመን በዚህ የሚታወቀው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው። በዚህ ጊዜ የቀብሩን ሰዓት ለሕዝብ አትናገሩ። አስከሬኑ መቼ እንደሚለቀቅ በእርግጠኝነት ሳይታወቅ “በ9 ሰዓት ነው” ተብሎ የተጠራ ሕዝብ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሲጠብቅ መዋሉ ለቤተሰቡ ሌላ ጭንቀት ይሆናል።

ወዲያውኑ ከቤተሰቡ መካከል አንድ ተጠሪ ይሠየም። ተጠሪው የሟች ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ባይሆን ይመረጣል፤ የእኅት ልጅ፣ አማች፣ የክርስትና ልጅ ወይም የረጅም ጊዜ ጎረቤት ቢሆን ይሻላል። ዕድሩም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ከውጭ አገር የሚደውለው ዘመድም የሚያነጋግረው እርሱን ብቻ ይሁን። ከእርሱ ሥር አንድ ሰው ገንዘብ ይያዝ፤ ሌላው ወረቀት ይሰብስብ፤ አንድ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ፤ አንዲት ብልህ ሴት ደግሞ የቤቱን ውስጥ ሥራ ትምራ። ገንዘብ የያዘው ሰው ከመጀመሪያዋ ብር ጀምሮ በደብተር ይጻፍ፣ ደረሰኝም ይሰብስብ። ይህ ስስት አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከውርሱ ሀብት ላይ ከማናቸውም ዕዳ ቀድሞ የሚከፈለው የቀብር ወጪ ነውና፣ ከኪሱ ያወጣ ሰው በማስረጃ እንዲመለስለት መዝገቡ ያስፈልጋል።

መርዶ

በእኔ እምነት ከቀብሩ ሥራ ሁሉ እጅግ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ይህ ነው፤ ደግሞም በችኮላ የሚበላሸው ይኸው ነው። መርዶ የሚነገረው በአካል፣ በሽማግሌዎችና በቅርብ ዘመዶች፣ ብዙውን ጊዜ ማለዳ ነው። የማለዳው ልማድ ምክንያት አለው፦ ተረጂው ወደ ሥራ ሳይወጣ ቤቱ ይገኛል፤ ቀኑን ሙሉ የሚያጽናናው ሰው ይከበዋል፤ ሌሊቱንም ብቻውን አያድርም።

መርዶ ነጋሪዎቹ ከመሄዳቸው በፊት ማን እንደሚናገር ይስማሙ። የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ቁርሱን ሳይቀምስና መድኃኒቱን ሳይወስድ አይረዳ። ለአረጋዊት እናት የልጇ ሞት ሲነገር አጠገቧ የሚቀመጡት ሁለት ሴቶች አስቀድመው ይመረጡ፤ አንዷ በቀኝ አንዷ በግራ ሆነው ራሷን እንዳትጥል ይያዟት፣ ውኃ ቅርብ ይሁን፣ ስለታምና ተሰባሪ ነገር ከክፍሉ ይውጣ። ነፍሰ ጡር ካለች ሐኪሟን ወይም የምታምናትን ሴት ሳታማክሩ በድንገት አትንገሯት።

ለሕፃናትም ይነገራቸው። “ሩቅ አገር ሄዷል” እየተባለ የሚያድግ ልጅ በድንኳኑ፣ በጥቁር ልብሱና በልቅሶው መካከል ሆኖ ማንም የማያስረዳው ነገር ሲደርስበት ይፈራል። ከሚያምነው ሰው በአጭር ቃል፣ አባቱ መሞቱንና እንደማይመለስ፣ እርሱን ግን ማን እንደሚያሳድገው መስማት አለበት።

በውጭ አገር ያሉ ልጆችና እኅት ወንድሞች ጉዳይ ዛሬ የተለየ ብልሃት ይጠይቃል። በዋሽንግተን፣ በሪያድ ወይም በቴል አቪቭ ያለች ልጅ የእናቷን ሞት ከፌስቡክ ፎቶና ከሻማ ሥዕል መስማት የለባትም። ስለዚህ ተጠሪው የቅርብ ቤተሰብ ሁሉ መረዳቱን ሳያረጋግጥ ማንም ሰው ፎቶም ሆነ “ነፍስ ይማር” የሚል ቃል እንዳይለጥፍ በግልጽ ይናገር፤ በተለይ ወጣቶቹን ሰብስቦ ይለምናቸው። ከዚያም እዚያው ከተማ ያለ ወዳጅ ወይም ዘመድ ይፈለግና ከሥራ ስትወጣ ቤቷ ድረስ ሄዶ ያርዳት። ለቀብሩ መድረስ የምትችል ከሆነ ግን ቀብሩን የመጠበቁ ውሳኔ ከመርዶው ጋር አብሮ መወሰን አለበት። አስከሬኑ በሆስፒታል ማቀዝቀዣ እንዲቆይ ማድረግ ይቻላል፤ ወጪውንና የአረጋውያኑን ጽናት ግን መመዘን ያስፈልጋል። በአንድ ቀን ልዩነት መድረስ የምትችልን ልጅ ብዙዎች ይጠብቃሉ፣ መጠበቁም ተገቢ ይመስለኛል፤ በሳምንት ለሚቆጠር ጊዜ ግን ልቅሶውን ማንጠልጠል ለቤቱ ከባድ ነው።

ዕድሩን መጥራት

ለዕድሩ ሊቀመንበር ወይም ጸሐፊ ሲነገር የዕድር ደብተሩ አብሮ ይቅረብ። ውዝፍ መዋጮ ካለ ያን ጊዜውኑ ይከፈል፤ ብዙ ዕድሮች ውዝፍ ያለበትን አባል ይቀብራሉ፣ ገንዘቡን ግን ያዘገያሉ ወይም ይቀንሳሉ። ዕድሩ ጡሩምባ በማስነፋት ወይም አሁን እንደተለመደው በስልክ መልእክት ለአባላቱ ያሳውቃል፤ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ሳህንና ብርጭቆ ከዕቃ ቤቱ ይወጣል፤ በደንቡ የተወሰነውም ገንዘብ ለቤተሰቡ ይሰጣል። በቀብሩ ላይ የአባላት ስም ተጠርቶ ቀሪው ይመዘገባል፣ በደንቡ መሠረትም ይቀጣል። የሴቶቹ ዕድር በበኩሉ እንጀራውን፣ ወጡንና ንፍሮውን ይዞ ይመጣል።

ሟች ወይም የትዳር ጓደኛው በሰፈር፣ በመሥሪያ ቤትና በትውልድ አካባቢ ማኅበር 2 ወይም 3 ዕድር ሊኖራቸው ይችላል። ሁሉም ይነገራቸው፤ ድንኳኑን የሚጥለውና ሥርዓቱን የሚመራው ግን አንዱ፣ በተለምዶ የሰፈሩ፣ ይሁን። የተረከባችሁትን ዕቃ በቁጥር ተረከቡ፤ ሲመለስም በቁጥር ይመለስ። የተሰበረ ብርጭቆ የሚያመጣው ቅሬታ ትንሽ ቢመስልም፣ ከዕድር ጋር ያለው ግንኙነት የዕድሜ ልክ ስለሆነ ችላ ሊባል አይገባም።

የቀብር ቦታና የሃይማኖት ሥርዓት

ለኦርቶዶክሳውያን ወደ ደብሩ የሚሄደው ሰው የሰበካ ጉባኤ መታወቂያውን ይያዝ። ዓመታዊ ክፍያው ያልተቋረጠ አባል በአጥቢያው የመቀበር መብት አለው፤ አባል ያልሆነ ወይም ከሌላ አጥቢያ የመጣ ግን የበለጠ እንዲከፍል ወይም ሌላ ቦታ እንዲፈልግ ሊጠየቅ ይችላል። በከተማዋ ውስጥ ባሉ ብዙ አድባራት ቦታ ስለጠበበ፣ መሬት ውስጥ ካለው መቃብር ሌላ በግንብ የተሠራ ፉካም ይሰጣል። ሦስት ነገሮችን ጠይቁና በደረሰኝ ያዙ፦ ቦታው ለስንት ዓመት ነው፣ ዘመኑ ሲያልቅ ምን ይደረጋል፣ ሐውልት መሥራት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም። በቃል የተነገረ ውል ላይ ተማምኖ ሐውልት ማሠራት በኋላ ያስለቅሳል።

ንስሐ አባት ካሉ በግንዘቱም በጸሎቱም ቀዳሚው እርሳቸው ናቸው። ጸሎተ ፍትሐቱ በቤትና በቤተ ክርስቲያን ይደርሳል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወሰድበት መንገድም አስከሬኑን እያሳረፉ መጸለይ የቆየ ሥርዓት ነው። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት እንደማይደረስ የማያውቁ ቤተሰቦች በዚያ ሳምንት ግራ ይጋባሉ፤ ቤተ ክርስቲያን በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት ሁሉ በሆሳዕና ዕለት አስቀድማ ጸሎተ ፍትሐቱን ስለምታደርስ፣ ሟቹ ያለ ጸሎት ተቀበረ ብሎ ማዘን አያስፈልግም። ሟች ንስሐ አባት ያልነበረው ከሆነ፣ ወይም ስለ አሟሟቱ የሚያሳስብ ነገር ካለ፣ ለደብሩ አስተዳዳሪ ወይም ለአንድ ካህን ለብቻ በእውነት መናገር ይገባል። ነገሩ በለቀስተኛ መካከል ከሚወጣ አስቀድሞ በምክር ቢያልቅ ለሟችም ክብር ነው።

ለሙስሊም ቤተሰብ ጊዜው ከዚህም ያጥራል፤ ቀብሩን ማፋጠን ሱና (የነቢዩ ፈለግ) ነው። ጀናዛው (አስከሬኑ) ይታጠባል፤ ወንድን ወንዶች፣ ሴትን ሴቶች ያጥባሉ፤ ባልና ሚስት ግን እርስ በርስ ሊተጣጠቡ ይችላሉ። ከፈኑ፣ ማለትም መገነዣው፣ ለወንድ 3፣ ለሴት 5 ጨርቅ ሆኖ በነጭ ይዘጋጃል። ሰላተል ጀናዛ፣ ማለትም ለሟች የሚሰገደው ሶላት፣ ሩኩዕና ሱጁድ (ማጎንበስና በግንባር መስገድ) ሳይኖረው በ4 ተክቢራ (“አላሁ አክበር” በማለት) ይሰገዳል። ሟች ያለ ሳጥን በቀኝ ጎኑ ፊቱ ወደ ቂብላ (ወደ መካ አቅጣጫ) ሆኖ ያርፋል። በአዲስ አበባ የኮልፌ የሙስሊም መቃብር በሰፊው የታወቀው ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ነፍሰ ጡር ካልሆነች ዒዳዋ፣ ማለትም በቤት የምትቆይበት የሐዘን ጊዜ፣ 4 ወር ከ10 ቀን በመሆኑ፣ የወረቀቱን ጉዳይ የሚከታተልላት ታማኝ ሰው ከመጀመሪያው ይመደብ።

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ፍትሐትና ተዝካር የለም፤ ጸሎቱን፣ መዝሙሩንና ስብከቱን አጥቢያዋ ትመራለች። በአንድ ቤት ውስጥ የተለያየ እምነት ካለ ቀብሩ በሟች እምነት ይሁን፤ ይህ ለድርድር መቅረብ ያለበት አይመስለኝም። ሌሎቹ ዘመዶች በልቅሶውና በድንኳኑ ድርሻቸውን ይወጣሉ።

ግንዘት፣ ሳጥንና የሕይወት ታሪክ

አስከሬኑን ማጠብና መገነዝ የሚያውቁ ሰዎች በየሰፈሩ አሉ፤ ዕድሩ ያውቃቸዋል። በዚያ ክፍል ውስጥ ሰው አይብዛ፤ የሚገቡት ልባቸው የጸና ይሁኑ። ተላላፊ በሽታ ካለ የጤና ባለሙያ የሚለውን ማድረግ ከሥርዓት መጉደል አይደለም። ጌጣጌጥ፣ ሰዓትና ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ በ2 ሰዎች ፊት ተመዝግቦ ለተጠሪው ይሰጥ።

የሬሳ ሳጥን በሆስፒታሎችና በትላልቅ አድባራት አቅራቢያ ይሸጣል። ለመግዛት የሚሄደው ሰው ሐዘንተኛ አይሁን፤ ዋጋውም ከመሄዱ በፊት ይወሰንለት። ሻጭ ፊት ቆሞ “ለእናቴማ” የሚል ልጅ የሚከፍለውን አያውቅም። በፉካ የሚቀበር ከሆነ የፉካውን ስፋት ሳትለኩ ሳጥን አትግዙ። የአስከሬን መኪና ኪራይ ሳጥኑን ከሚሸጡት ጋር አብሮ የሚገኝ ሲሆን፣ ክፍያው ወደ ቤትና ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚደረገውን ጉዞ ሁሉ ማካተቱን አረጋግጡ።

በቀብሩ ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ከግማሽ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። መጀመሪያ የሟች ሙሉ ስም ከነማዕረጉ፣ ከአባታቸውና ከእናታቸው ስም ጋር፤ ቀጥሎ የተወለዱበት ቦታና ዘመን፤ ትምህርትና ሥራ፤ ጋብቻ፤ ልጆችና የልጅ ልጆች፤ ሕመምና ዕረፍት፤ በመጨረሻ ምስጋና። የልደት ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አረጋግጡ፤ ከፓስፖርት የተገለበጠ ዓመት ሰውየውን በ7 ወይም በ8 ዓመት ሊያሳንሰው ይችላል። ከሁሉ በላይ የልጆቹን ስም ዝርዝር ከአንድ በላይ ሰው ይመልከተው። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ፣ ያሳደጉት ልጅ፣ ወይም ከመጀመሪያ ትዳር የተወለደች ሴት ልጅ ስም በሕዝብ ፊት ሳይጠራ ሲቀር የሚፈጠረው ቁስል ለዘመናት አይሽርም፤ የውርስ ክርክርም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያች ወረቀት ነው። ጽሑፉን የሚያነበው ሰው ድምፁ የማይቆራረጥ ይሁን፤ በመነጽር የሚያነብ ከሆነ በትልቅ ፊደል ይታተምለት።

ድንኳኑና ሣልስቱ

ከቀብር መልስ እጅ የሚታጠብበት ውኃ በግቢው በር ላይ ይዘጋጅ። ለቀስተኛው ንፍሮ ይቀርብለታል፣ ከሩቅ የመጣውም ይመገባል። በእነዚህ ቀናት ቤተሰቡ ራሱ ወጥ ሲሠራ መዋል የለበትም፤ ለዚህ ነው የጎረቤትና የሴቶች ዕድር ያለው። በየምሽቱ ከሐዘንተኛው ጋር የሚያድር ሰው በተራ ይመደብ። ሐዘንተኛው እህል እንዲቀምስ፣ መድኃኒቱን እንዲወስድና እንዲተኛ የሚያደርግ አንድ ሰው ይኑር፤ ለቀስተኛ ሁሉ ሲመጣ ተነሥቶ ማልቀስ ለአረጋውያን ከባድ ድካም ነው።

ሣልስቱ ከተደረገ በኋላ ድንኳኑ ይነሣል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የትዳር ጓደኛው ወይም የቅርብ ዘመዱ የሞተበት ሠራተኛ ከደመወዝ ጋር የ3 የሥራ ቀናት ፈቃድ ስላለው፣ ለመሥሪያ ቤቱ ማሳወቂያ በመጀመሪያው ቀን ይላክ። በእጅ የተሰጠ ገንዘብ ሁሉ ከሰጪው ስም ጋር ይመዝገብ፤ ነገ በእርሱም ቤት መድረስ አለና።

አስከሬን ከውጭ አገር ሲመጣ

ዘመድ በውጭ አገር ካረፈ የመጀመሪያው ጥያቄ እዚያው ይቀበር ወይስ ይምጣ የሚለው ነው። ለመምጣቱ የሞት የምስክር ወረቀት፣ አስከሬኑ በመድኃኒት መዘጋጀቱን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ተላላፊ በሽታ አለመኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ፣ የሟች ፓስፖርትና የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ማረጋገጫ ይሟላሉ፤ ሳጥኑም ለአየር ጉዞ የተዘጋጀና የታሸገ ይሆናል። በአሜሪካ ይህን የሚያሰናዱ የቀብር አገልግሎት ድርጅቶች ስላሉ ሥራው በቀናት ሊያልቅ ይችላል። ከዓረብ አገሮች ሲሆን ግን የአሠሪ፣ የፖሊስና የሆስፒታል ወረቀት እስኪሟላ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል፣ የመድረሻው ቀን በአየር መንገዱ የጭነት ሰነድ እስካልተረጋገጠ ድረስ ለሕዝብ አይነገር። የሟች ያልተከፈለ ደመወዝና ዕቃ እንዲጣራ ለቆንስላው በጽሑፍ አመልክቱ። ድንኳኑ በመርዶው ይጣል ወይስ አስከሬኑ ሲደርስ የሚለውንም ከዕድሩ ጋር ተስማሙ፤ ሁለት ጊዜ መጣል ለቤቱም ለዕድርተኛውም አድካሚ ነው።

ከልቅሶው በኋላ ያሉት ወረቀቶች

በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ምዝገባው የሚከናወነው በወረዳ ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ የሆስፒታሉ ማሳወቂያ ወረቀት ከሌለ ከዕድሩና ከቀብር ቦታው የተጻፈ ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ። የምስክር ወረቀቱ ሲሰጥ ስሙን፣ ጾታውንና ቀኑን ፊደል በፊደል አንብባችሁ ተረከቡ፤ ከዚያም በርካታ ቅጂ አድርጉ።

የሟች ባንክ ሒሳብ ላይ የሚገኘው ገንዘብ በወራሽነት ማረጋገጫ ካልሆነ አይወጣም። ስለዚህ ወራሾች ከሞት የምስክር ወረቀቱ ጋር ለፍርድ ቤት አመልክተው የወራሽነት ማስረጃ ያወጣሉ። የሟችን የኤቲኤም ካርድ ይዞ ገንዘብ ማውጣት የታመነ ልጅ እንኳ ቢሆን ከወንድሞቹ ጋር የሚያጋጨውና በሕግም የሚያስጠይቀው ስለሆነ ካርዱ ለተጠሪው ተሰጥቶ ይቆለፍበት። ሟች የጡረታ ባለ መብት ከነበረ ባል ወይም ሚስት፣ አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች፣ አንዳንዴም ወላጆች የተተኪ አበል ይጠይቃሉ፤ ለመንግሥትና ለግል ድርጅት ሠራተኞች መሥሪያ ቤቱ የተለያየ ነው። የጋብቻ የምስክር ወረቀት የሌላቸው ባለትዳሮች በዚህ ላይ ብዙ ይቸገራሉ።

ተዝካርና መቃብር

ከሣልስት በኋላ 7፣ 12፣ 30፣ 40፣ 80፣ መንፈቅና ሙት ዓመት አሉ፤ ጎልቶ የሚታወቀው 40ው ነው። ቀኑን ከንስሐ አባት ጋር ቁጠሩ፤ በጾም ከዋለም ማዕዱን በዚያው መልክ አሰናዱ። በዚህ ነገር ላይ ያለኝን እምነት አልሸሽግም፦ ተዝካር በዋናነት ጸሎትና ምጽዋት ነው፤ ለዚህ ተብሎ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ መጉደል፣ መሬት በመያዣ ማስያዝ፣ በአራጣ መበደር ሟችን አያከብርም። ወራሾች ከ40ው ቢያንስ 2 ሳምንት ቀድመው ይቀመጡና ያለውን ገንዘብ፣ የሚጠራውን ሰውና ለነዳያን የሚወጣውን ይወስኑ። በውጭ አገር ያሉትም ልጆች የሚልኩት ከመደገሱ በፊት ይታወቅ፤ ባልተላከ ገንዘብ ላይ በሬ አይገዛ።

ሐውልት ለማሠራት አፈሩ እስኪረጋ ድረስ ጥቂት ወራት መጠበቅ ይበጃል፤ በአዲስ አበባ ክረምቱ ቢያልፍ ይሻላል። የሚቀረጸውን ጽሑፍ ከመዶሻው በፊት በወረቀት አስጽፋችሁ ሁሉም ወራሾች ይፈርሙበት፤ የልደትና የዕረፍት ዘመኑ ከሞት የምስክር ወረቀቱ ጋር ይገናዘብ። የመቃብሩ ደረሰኝና የውሉ ዘመን ከዕድር ደብተሩ ጋር በዚያው ፖስታ ይቀመጥ፤ ዘመኑ የሚያልቅበትንም ዓመት በፖስታው ጀርባ ላይ ጻፉ።